«የመጀመሪያ ጊዜ ቤት ገዢ» ማን ነው? የአንድ የታክስ ክሬዲት ታሪክ

በ2025 የአሜሪካ የታክስ ማስገቢያ ወቅት ሲያልቅ፣ ብዙ ሰው ያላስተዋለው አንድ የዕዳ መዝገብም አብሮ ወደ መዘጋቱ ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በ2008 ቤት ገዝተው ከፌዴራሉ መንግሥት እስከ 7,500 ዶላር የታክስ ክሬዲት የተቀበሉ ሰዎች ገንዘቡን በ15 ዓመት ውስጥ፣ በየዓመቱ እስከ 500 ዶላር እየከፈሉ እንዲመልሱ ሕጉ ያዝዝ ነበር። የመጀመሪያው ክፍያ ከ2010 የታክስ ዓመት፣ የመጨረሻው ደግሞ ከ2024 የታክስ ዓመት ጋር ተሳስቦ የሚከፈል ነው።

ከእነዚህ ገዢዎች ጥቂት ሳምንታት ዘግይተው፣ በጃንዋሪ 2009 በዚያው ሰፈር ተመሳሳይ ቤት የገዙ ሰዎች ግን 8,000 ዶላር ወስደዋል፤ ቤቱን ሦስት ዓመት ከኖሩበት ደግሞ ሰባራ ሳንቲም አልመለሱም። ገቢው አንድ፣ ቤቱ አንድ፣ ባንኩም አንድ ሊሆን ይችላል። የተለየው የቤቱ ውል የተዘጋበት ቀን ብቻ ነው። አንዱ ጎረቤት ባለዕዳ፣ ሌላው የስጦታ ተቀባይ ሆኖ አሥራ አምስት ዓመት ጎን ለጎን ኖሩ።

ይህ ልዩነት የቢሮክራሲ ስህተት አልነበረም። ምክር ቤቱ አስቦበት በሕግ ያሰፈረው፣ ሁለት ፕሬዚዳንቶች በየተራ የፈረሙት ውጤት ነው። ስለ ቤት ገዢዎች የታክስ ክሬዲት የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በገንዘቡ መጠን ላይ ነው፤ 7,500፣ 8,000፣ 15,000 ይባላል። ታሪኩ የሚያሳየው ግን ፖሊሲውን የወሰነው ከመጠኑ ይልቅ የብቁነት ደንቡ መሆኑን ነው። በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ የደንቡ ማረፊያ አራት ጊዜ ተቀያየረ፤ መጀመሪያ ቤቱ ላይ፣ ቀጥሎ ሰውየው ላይ፣ ከዚያ ቀኑ ላይ፣ በመጨረሻም ማስረጃው ላይ አረፈ።

ቤቱ ሲመረጥ፦ 1975

በ1973 መገባደጃ የጀመረው የኢኮኖሚ ማሽቆልቆል የአሜሪካን የቤት ግንባታ ክፉኛ ጎድቶት ነበር። ወለድ ንሮ ገዢ ጠፋ፤ ተሠርተው ያለቁና በግንባታ ላይ የነበሩ አዳዲስ ቤቶች ባለቤት አጥተው ቆሙ። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ማርች 29 ቀን 1975 የፈረሙት የታክስ ቅነሳ ሕግ ለዚህ መድኃኒት ብሎ ያቀረበው፣ አዲስ ቤት ለሚገዛ ሰው የዋጋውን 5 በመቶ፣ ቢበዛ 2,000 ዶላር የሚሰጥ ክሬዲት ነበር። ጣሪያው የሚደረሰው በ40,000 ዶላር ዋጋ ነው።

እዚህ ላይ የክሬዲትን ምንነት መለየት ያስፈልጋል። ተቀናሽ ወጪ፣ ለምሳሌ የቤት ብድር ወለድ፣ ታክስ የሚታሰብበትን ገቢ ያሳንሳል፤ ስለዚህ ጥቅሙ ከፍተኛ ገቢ ላለውና ወጪውን ዘርዝሮ ለሚያቀርብ ሰው ያዘነብላል። ክሬዲት ግን ከራሱ ከታክሱ ላይ ዶላር በዶላር ይነሳል። ስለዚህም ክሬዲት ከተቀናሽ ወጪ ይልቅ ለመካከለኛ ገቢ ሰው የቀረበ መሣሪያ ነው።

የ1975ቱ ሕግ ስለ ገዢው ማንነት ብዙም አልጠየቀም። የመጀመሪያ ቤቱ ይሁን አምስተኛው፣ ደሃ ይሁን ሀብታም ግድ አልነበረውም፤ ዋና መኖሪያው እስካደረገው ድረስ በቂ ነው። ጥያቄው ሁሉ ስለ ቤቱ ነበር። ቤቱ አዲስ መሆን፣ ግንባታውም ከማርች 26 ቀን 1975 በፊት የተጀመረ መሆን ነበረበት። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ሕጉ የተከማቸውን ቤት ለማራገፍ እንጂ አዲስ ግንባታ ለማስጀመር አልታሰበም።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን አንድ ተጨማሪ ግዴታ ነው። ሻጩ ቤቱን የሸጠበት ዋጋ፣ ቤቱ እስከዚያ ቀን ድረስ ለገበያ ከቀረበባቸው ዋጋዎች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ ነበረበት። ሕግ አውጪዎቹ አንድ መሠረታዊ የኢኮኖሚክስ ሐሳብ ተረድተው ነበር፤ ለገዢ የተሰጠ ድጎማ የግድ ገዢው እጅ ላይ አይቀርም። ሻጩ ዋጋውን በ2,000 ዶላር ከፍ ካደረገ ክሬዲቱ በገዢው ስም ወጥቶ በሻጩ ኪስ ያርፋል። ይህ ጥበብ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በተጻፉት ሕጎች ውስጥ አልተደገመም።

ሰውየው ሲመረጥ፦ ከ1980 እስከ 1997

«የመጀመሪያ ጊዜ ቤት ገዢ» የሚለው ሐረግ ወደ ፌዴራሉ የታክስ ሕግ ጎልቶ የገባው በሌላ በር ነው። በ1978 የቺካጎ ከተማ ከታክስ ነፃ የሆነ ቦንድ ሸጣ፣ በተገኘው ርካሽ ገንዘብ ለነዋሪዎቿ ዝቅተኛ ወለድ ያለው የቤት ብድር መስጠት ጀመረች። ሌሎች ከተሞችም ተከተሏት። የቦንዱ ወለድ ታክስ ስለማይከፈልበት የድጎማው ሸክም የወደቀው በፌዴራሉ ግምጃ ቤት ላይ ነበር፤ ተጠቃሚዎቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያለ ድጎማም ቤት መግዛት የሚችሉ ሰዎች ነበሩ።

ኮንግረስ በ1980 መጨረሻ ባወጣው ሕግ ይህን በር ጠበብ አደረገው። ከነዚህ ቦንዶች የሚበደር ሰው በአጠቃላይ ባለፉት ሦስት ዓመታት የዋና መኖሪያ ቤት ባለቤት ሆኖ የማያውቅ መሆን አለበት ተባለ። ለቤቱ ዋጋም ወሰን ተበጀለት። በ1984 ደግሞ ግዛቶች ቦንድ በመሸጥ ፈንታ ለተበዳሪው የወለዱን የተወሰነ መቶኛ በየዓመቱ እንደ ክሬዲት የሚያስቆጥር የምስክር ወረቀት መስጠት እንዲችሉ ተፈቀደ። የሦስት ዓመቱ መለኪያ ይህንንም ተከትሎ ገባ።

እንግዲህ «የመጀመሪያ ጊዜ» የሚለው ቃል ከጅምሩ ቃል በቃል የሚወሰድ አልነበረም። ከአሥር ዓመት በፊት ቤት ኖሮት የሸጠ፣ በፍቺ ያጣ ወይም ባንክ የወሰደበት ሰው ሦስት ዓመት ከተከራየ በሕግ ፊት እንደገና «የመጀመሪያ ጊዜ» ገዢ ይሆናል።

በ1997 የወጣው የታክስ እፎይታ ሕግ ቃሉን የበለጠ አወሳሰበው። ከግል የጡረታ ቁጠባ ሒሳብ ለመጀመሪያ ቤት መግዣ እስከ 10,000 ዶላር ያለ ቅጣት ማውጣትን ሲፈቅድ፣ «የመጀመሪያ ጊዜ» ማለት ባለፉት ሁለት ዓመታት የቤት ባለቤት ያልነበረ ማለት ነው አለ። ያው ሕግ በሌላ አንቀጹ በዋሽንግተን ዲሲ ቤት ለሚገዛ ሰው 5,000 ዶላር ክሬዲት ሲፈጥር፣ እዚያ የተጠየቀው ደግሞ አንድ ዓመት ብቻ ሆነ። ያውም የሚቆጠረው በዲሲ ክልል ውስጥ የነበረ ቤት ነው።

የዲሲው ክሬዲት ለኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ቅርብ የሆነ ታሪክ አለው። ዋና ከተማዋ በ1950 ከ800,000 በላይ ነዋሪ የነበራት ስትሆን፣ በ2000 ቆጠራ 572,059 ብቻ ቀርተዋት ነበር። የክሬዲቱ ዓላማ ታክስ ከፋዩን ወደ ከተማዋ መመለስ ነው። ስለዚህ የድንበሩ መስመር ወሳኝ ሆነ። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የገዛ ሰው ምንም አያገኝም፤ በሜሪላንድ የራሱ ቤት የነበረው ሰው ግን ወደ ዲሲ ቢዛወር በዚህ ሕግ ዓይን «የመጀመሪያ ጊዜ» ገዢ ሊሆን ይችላል። ክሬዲቱ ሙሉ በሙሉ የሚሰጠው ላላገባ ሰው ገቢው እስከ 70,000፣ ለባልና ሚስት እስከ 110,000 ዶላር ሲሆን ነበር፤ በየጊዜው እየታደሰ እስከ 2011 መጨረሻ ዘለቀ።

ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፤ በአንድ የታክስ ሕግ ውስጥ አንድ ቃል ሦስት ትርጉም ያዘ። ቃሉ የሰውየውን የሕይወት ታሪክ የሚገልጽ ይመስላል፤ በተግባር የሚገልጸው የእያንዳንዱን ድጎማ ዓላማ ነው።

ስጦታ የሚመስል ብድር፦ 2008

የቤት ዋጋ ከ2006 አጋማሽ በኋላ ማሽቆልቆል ሲጀምር፣ የ1975ቱ ሐሳብ እንደገና ነፍስ ዘራ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ጁላይ 30 ቀን 2008 የፈረሙት የቤትና የኢኮኖሚ ማገገሚያ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢዎች የዋጋውን 10 በመቶ፣ ቢበዛ 7,500 ዶላር ፈቀደ። ከ1980 የተወረሰው የሦስት ዓመት መለኪያ ተያዘ፤ የገቢ ወሰንም ተደረገ። ላላገባ ሰው 75,000፣ ለባልና ሚስት 150,000 ዶላር ከታለፈ ክሬዲቱ እየቀነሰ ሄዶ፣ 20,000 ዶላር ከፍ ሲል ያልቃል።

ገንዘቡ ግን መመለስ ነበረበት። «ክሬዲት» ተብሎ ቢጠራም በይዘቱ ያለ ወለድ ብድር ነው። በ5 በመቶ ወለድ ቢሰላ፣ ከ7,500 ዶላሩ ውስጥ እውነተኛው ድጎማ 2,500 ዶላር አካባቢ ነው፤ ቀሪው ከወደፊት ኪስ የተወሰደ ነው። ለሕግ አውጪው ይህ አመቺ ነበር፤ የሚመለስ ገንዘብ በበጀት ሒሳብ ላይ የሚያሳርፈው ወጪ አነስተኛ ነውና። ለቤተሰቡ ግን 15 ዓመት የሚከተል ዕዳ ነው። ቤቱ ከተሸጠ ወይም ዋና መኖሪያ መሆኑ ከቀረ ቀሪው ዕዳ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ ዘመድ ላልሆነ ሰው በሽያጭ ሲተላለፍ ግን የሚጠየቀው ከሽያጩ ከተገኘው ትርፍ አይበልጥም።

ሌላም እንከን ነበረው። ሕጉ በጁላይ መጨረሻ ተፈርሞ ከኤፕሪል 9 ጀምሮ የተገዙትን ቤቶች ያካትታል። በሚያዝያና በግንቦት የገዛ ሰው ሕጉ ሳይኖር የገዛ ነው፤ ለእርሱ የተከፈለው ገንዘብ ተጨማሪ አንድ ቤት እንኳ ሊያሸጥ አይችልም።

ቀኑ ሲመርጥ፦ 2009

በ2009 መጀመሪያ አዲሱ የኦባማ አስተዳደር የማነቃቂያ ሕጉን ሲያዘጋጅ፣ የጆርጂያው ሴናተር ጆኒ አይዛክሰን ለማንኛውም ቤት ገዢ 15,000 ዶላር የሚሰጥ ማሻሻያ አቀረበ። አይዛክሰን ፖለቲካ ከመግባቱ በፊት የቤት ሽያጭ ነጋዴ የነበረ ሲሆን፣ የ1975ቱን ክሬዲት እንደ አርአያ ይጠቅስ ነበር። ሴኔቱ ሐሳቡን ቢቀበልም ሁለቱ ምክር ቤቶች ሲደራደሩ ከረቂቁ ወጣ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2009 የተፈረመው ሕግ የያዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢዎች ብቻ የሚሆን 8,000 ዶላር ነው፤ ቤቱን 36 ወር ዋና መኖሪያው ላደረገ ሰው መመለስ የሌለበት። ሕጉ ወደኋላ ሄዶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ጀምሮ የተገዙትን አካተተ፤ የ2008ቱን ገዢዎች ግን በዕዳቸው ተዋቸው።

ክሬዲቱ ተመላሽ ነበር። 3,000 ዶላር ታክስ ያለበት ሰው 8,000 ቢፈቀድለት ዕዳው ተሰርዞ 5,000 ዶላር በእጁ ይገባል። ይህ ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ሠራተኛ የሚደርስ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም የጊዜ ችግር ነበረበት። ቤት ለመግዛት የሚቸግረው የቅድሚያ ክፍያው ነው፤ ክሬዲቱ ግን የሚመጣው ውሉ ከተዘጋና የታክስ ቅጹ ከገባ በኋላ ነው። ነገሩ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ሆነ። የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት በሜይ 2009 ክሬዲቱን አስቀድሞ በብድር መልክ መጠቀም የሚቻልበትን መንገድ ከፈተ፤ ነገር ግን በፌዴራል ዋስትና በሚሰጥ ብድር ከግል አበዳሪ የሚገኘው ይህ ገንዘብ የግዴታውን 3.5 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ሊተካ አልተፈቀደም። አንዳንድ የግዛት የቤት ፋይናንስ ድርጅቶች የራሳቸውን ድልድይ ብድር አዘጋጁ። በአጠቃላይ ግን ክሬዲቱ በይበልጥ የጠቀመው ቀድሞውኑ ቁጠባ የነበረውን ሰው ነው።

«ለምን የመጀመሪያ ጊዜ ገዢ ብቻ?» ለሚለው ጥያቄ ከፍትሕ ባሻገር የኢኮኖሚ መልስ አለ። ተከራይ የነበረ ሰው ቤት ሲገዛ ከገበያው ላይ አንድ ባዶ ቤት ይነሳል። የራሱን ቤት ሸጦ ሌላ የሚገዛ ሰው ግን አንድ አንስቶ አንድ ይጨምራል። የተከማቸ ቤት ለማራገፍ ለተነሳ መንግሥት የመጀመሪያው ገዢ ከሁለተኛው የበለጠ ዋጋ አለው።

ቤተሰብና ድንበር

የደንቡ ዝርዝር ከቤተሰብ አኗኗር ጋር ሲገናኝ ያልተጠበቁ ውጤቶች ወለደ። ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም የሦስት ዓመቱን መለኪያ ማለፍ ነበረባቸው፤ አንዱ ቀደም ሲል የራሱ መኖሪያ ከነበረው ሁለቱም ይወድቃሉ። ሳይጋቡ አብረው የሚገዙ ሰዎች ግን ክሬዲቱን በመካከላቸው በተመጣጣኝ መንገድ መከፋፈል ይችሉ ነበር፤ አንዱ ብቁ ባይሆን ሌላው ሙሉውን መውሰድ ይችላል። የታክስ ሕጉ በዚህ ረገድ ለእጮኛሞች ከባለትዳሮች ይልቅ ቸር ነበር።

ከዘመድ መግዛትም ወሰን ነበረው። ከወላጅ፣ ከአያት፣ ከልጅ ወይም ከትዳር ጓደኛ የተገዛ ቤት አያስቆጥርም፤ በውርስና በስጦታ የተገኘም እንዲሁ። ከወንድም ወይም ከእህት የተገዛ ቤት ግን ይፈቀድ ነበር። ወንድማማቾች እየተረዳዱ ቤት በሚገዙበትና በሚሸጡበት ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ትንሽ የምትመስል ልዩነት የ8,000 ዶላር ዋጋ ነበራት።

ለስደተኞች ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ባሕር ማዶ ያለ ቤት ነው። አዲስ አበባ በራሱ ቤት ይኖር የነበረና በዲቪ ወደ አሜሪካ የመጣ ሰው «የመጀመሪያ ጊዜ» ገዢ ይባላል? የፌዴራሉ የገቢዎች መሥሪያ ቤት፣ አይ አር ኤስ፣ የሰጠው ማብራሪያ ግልጽ ነበር። ከአሜሪካ ውጭ የነበረ ዋና መኖሪያ በአሜሪካ ውስጥ ለሚደረግ ግዢ ክሬዲቱን አያሳጣም። ለኪራይ የተያዘ ወይም የዕረፍት ቤትም እንዲሁ፤ የሚቆጠረው ዋና መኖሪያ ብቻ ነው።

ዜግነትም መስፈርት አልነበረም። የተከለከለው በታክስ ሕግ «ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ዜጋ» የሚባለው ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ ወይም በሥራ ቪዛ መጥቶ ሕጉ የሚጠይቀውን ያህል ቀናት በአገሩ የቆየ ሰው፣ ለታክስ ሲባል ነዋሪ ነው። የኢሚግሬሽን ሁኔታና የታክስ ነዋሪነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ባለማወቅ፣ ብቁ ሆኖ ሳለ «ለእኔ አይሆንም» ያለ ሰው ይኖራል ብሎ መገመት አይከብድም። በሌላ በኩል፣ በገልፍ አገሮች ወይም በሌላ ቦታ ተሠርቶ ከአሜሪካ ታክስ ነፃ የተደረገ ገቢ ለገቢ ወሰኑ ሲባል ተመልሶ ይደመር ነበር።

የአራት ዓመት ሕፃን ቤት ገዛ

ደንቡ ሲዘረዘር ጥብቅ ይመስላል። ችግሩ ግን መጀመሪያ ላይ ማንም ማስረጃ አለመጠየቁ ነው። ጠያቂው አንድ ቅጽ ሞልቶ ያስገባል፤ የሽያጭ ሰነድ ማያያዝ አይጠበቅበትም። አይ አር ኤስም ጥርጣሬ ቢኖረው እንኳ ገንዘቡን ሳይከፍል ለማስቀረት የነበረው ሥልጣን ውስን ነበር።

በኦክቶበር 2009 የግምጃ ቤቱ የታክስ አስተዳደር ዋና ኢንስፔክተር ለምክር ቤቱ ያቀረበው ምስክርነት ብዙዎችን አስደነገጠ። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ከ500 በላይ ሰዎች ክሬዲቱን ጠይቀው ነበር፤ ታናሹ የአራት ዓመት ሕፃን ነው። ከ19,000 በላይ ጠያቂዎች ደግሞ ገና ያልገዙትን ቤት አስመዝግበዋል። በቀጣዩ ዓመት ያው መሥሪያ ቤት ባወጣው ሪፖርት 1,295 እስረኞች 9.1 ሚሊዮን ዶላር እንደተከፈላቸው ገለጸ፤ ከእነዚህ 241ዱ የዕድሜ ልክ ፍርደኞች ነበሩ። አንድ ቤት ደግሞ በ67 ሰዎች ስም ክሬዲት ተጠይቆበት ተገኘ።

ሕፃኑ በራሱ ቅጽ አልሞላም። የገቢ ወሰኑን ያለፉ ወይም ቤት የነበራቸው ወላጆች በልጆቻቸው ስም መጠየቃቸውን መገመት ይቻላል፤ ሕጉም የዕድሜ ወሰን አልጻፈም ነበር። ደንብ ሲጻፍ የተረሳ አንድ መስመር ሌላ ሰው የሚያነበው ክፍተት ይሆናል።

ኖቬምበር 6 ቀን 2009 የወጣው ሕግ ለእነዚህ ክፍተቶች መልስ ነበር። ገዢው ቢያንስ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ በሌላ ሰው የታክስ ቅጽ ላይ ጥገኛ ተብሎ የሚመዘገብ ሰው አይፈቀድለትም፤ የሽያጩ ማጠናቀቂያ ሰነድ ቅጂ መያያዝ አለበት፤ ከ800,000 ዶላር በላይ የሆነ ቤት አይካተትም። አይ አር ኤስም ግልጽ ጉድለት ያለበትን ጥያቄ ሙሉ ኦዲት ሳያደርግ ውድቅ የማድረግ ሥልጣን ተሰጠው።

ጥብቅነቱ ግን ነፃ አልነበረም። ሰነድ መያያዝ ስላለበት ቅጹ በወረቀት እንጂ በኤሌክትሮኒክስ ሊገባ አልቻለም፤ ክፍያውም ዘገየ። የሽያጭ ሰነዱ በሁለቱም ወገን እንዲፈረም ሲጠየቅ፣ በአንዳንድ አካባቢዎች ሁለቱም የመፈረም ልማድ ስለሌለ መሥሪያ ቤቱ እንደገና ማብራሪያ ለመስጠት ተገደደ። አጭበርባሪን የሚያስቀር ወንፊት ሐቀኛውንም ያጉላላል፤ በመጠኑ ማመጣጠን የአስተዳደር ሥራ ነው።

ያው ሕግ በሌላ እጁ ደግሞ በሩን አሰፋው። የገቢ ወሰኑ ላላገባ ሰው ወደ 125,000፣ ለባልና ሚስት ወደ 225,000 ዶላር ከፍ አለ። ከስምንት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አምስቱን ተከታታይ ዓመታት በአንድ ቤት ለኖሩ ነባር ባለቤቶችም፣ ሌላ ቤት ሲገዙ 6,500 ዶላር ተፈቀደ። ክምችትን ለማራገፍ የሚለው አመክንዮ በዚህ ላይ ተሰበረ። ነባሩ ባለቤት ሲዛወር የድሮውን ቤት አብዛኛውን ጊዜ ለገበያ ያቀርባል፤ ስለዚህ ይህ ክፍል የሽያጭ ቁጥርን ቢያሳድግም የባዶ ቤቶችን ቁጥር የሚቀንስበት ምክንያት ደካማ ነበር።

ቀኑ ካለፈ በኋላ

አዲሱ የጊዜ ገደብ ውሉ እስከ ኤፕሪል 30 ቀን 2010 እንዲፈረም፣ ግዢው እስከ ጁን 30 እንዲጠናቀቅ የሚል ነበር። የሽያጭ ብዛት አበዳሪዎችን ስላጨናነቀ ኮንግረስ የማጠናቀቂያውን ቀን ወደ ሴፕቴምበር 30 ገፋው። ከአገር ውጭ በግዳጅ ላይ ለነበሩ ወታደሮች አንድ ተጨማሪ ዓመት ተሰጠ።

ገደቡ ሲያልፍ ገበያው ወደቀ። የብሔራዊ የሪልተሮች ማኅበር የመጀመሪያ ግምት እንዳሳየው፣ የነባር ቤቶች ሽያጭ በጁላይ 2010 ከቀደመው ወር 27 በመቶ ቀንሶ በዓመት ስሌት 3.83 ሚሊዮን ላይ ደረሰ። ተቺዎች «ክሬዲቱ የፈጠረው ሽያጭ የለም፤ የነገውን ወደ ዛሬ ጎተተ እንጂ» አሉ።

የወጪው መጠን ይታወቃል። የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት እንዳስታወቀው፣ እስከ ጁላይ 2010 መጀመሪያ ወደ 1 ሚሊዮን ሰዎች በ2008ቱ ሕግ 7.3 ቢሊዮን ዶላር በብድር መልክ፣ ወደ 2.3 ሚሊዮን ሰዎች ደግሞ በኋለኞቹ ሕጎች 16.2 ቢሊዮን ዶላር ጠይቀዋል።

ውጤቱን ለመለካት የተሻለው ማስረጃ የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ዴቪድ በርገር፣ ኒኮላስ ተርነርና ኤሪክ ዝዊክ በ2020 በጆርናል ኦፍ ፋይናንስ ያሳተሙት ጥናት፣ ክሬዲቱ ወደ 490,000 ተጨማሪ ሽያጮችን፣ ማለትም 9.8 በመቶ ጭማሪ እንዳስከተለ ገመተ። ተጨማሪዎቹ ገዢዎች በአብዛኛው ወጣቶች ሲሆኑ፣ ያለ ክሬዲቱ ከጥቂት ወራት ሳይሆን ከዓመታት በኋላ ይገዙ የነበሩ ናቸው። ክሬዲቱ ይበልጥ በደረሰባቸው አካባቢዎች የቤት ዋጋም በመጠኑ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ተቺዎቹ በከፊል ብቻ ልክ ነበሩ፤ ሽያጩ ከወደፊት የተበደረ ነው፣ ነገር ግን ብድሩ የተወሰደው ገበያው አገግሞ መክፈል ከሚችልበት ጊዜ ነው።

ሌላውም ገጽ እኩል ሊታይ ይገባል። 490,000ን ከሚሊዮኖቹ ጠያቂዎች ጋር ያስተያየ ሰው፣ አብዛኛው ገንዘብ ያለዚያም ቤት ይገዙ ለነበሩ ሰዎች እንደተከፈለ ይረዳል። የዋጋው ከፍ ማለት ደግሞ ከጥቅሙ የተወሰነው ወደ ሻጮች መሻገሩን ያመለክታል። በ2009 ለወደቀ ገበያ ይህ ራሱ የሚፈለግ ነበር፤ የዋጋ መውደቅ ባንኮችንና ባለቤቶችን እያሰጠመ ነበርና።

ካለፈው ምን ይወሰዳል?

ዛሬ ሁኔታው ተገልብጧል። የ2009 ሕመም ገዢ ያጣ ቤት ነበር፤ የአሁኑ ሕመም ቤት ያጣ ገዢ ነው። አቅርቦቱ ጠባብ በሆነበት ገበያ ለገዢ የሚሰጥ ገንዘብ ይበልጡን ወደ ዋጋ ይቀየራል። በ2021 እስከ 15,000 ዶላር የሚሰጥ ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ባይደን በ2024 በወር 400 ዶላር ለሁለት ዓመት የሚሰጥ ክሬዲት፣ ካማላ ሃሪስ ደግሞ በምርጫ ዘመቻቸው እስከ 25,000 ዶላር የቅድሚያ ክፍያ እርዳታ ሐሳብ አቅርበዋል። አንዳቸውም ሕግ አልሆኑም። የ2021ዱ ረቂቅ ግን ካለፈው የተማረ ነበር፤ የ18 ዓመት ወሰን፣ የሦስት ዓመት መለኪያ፣ ቤቱን ቶሎ የሸጠ ሰው እንዲመልስ የሚያስገድድ አንቀጽ ሁሉ አስቀድሞ ተጽፎበታል።

ያልጸደቀ ረቂቅ በማስታወቂያና በወሬ እንደ ነባር ሕግ ሲነገር መስማት የተለመደ ሆኗል። በአሁኑ ጊዜ ቤት ለሚገዛ ሰው ሁሉ የሚሰጥ አጠቃላይ የፌዴራል ክሬዲት የለም። ያሉት ግዛቶችና ከተሞች የሚያስተዳድሯቸው የወለድ ክሬዲት የምስክር ወረቀቶች፣ ዝቅተኛ ወለድ ያላቸው ብድሮችና የቅድሚያ ክፍያ እርዳታዎች ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ «የመጀመሪያ ጊዜ» ትርጉም አለው። በአንዱ ብቁ ያልሆነ ሰው በሌላው ብቁ ሊሆን ይችላልና፣ ቃሉን ሳይሆን ትርጉሙ የተጻፈበትን አንቀጽ ማንበብ ይገባል።

ለፖሊሲ ተከራካሪዎች ደግሞ ታሪኩ ሦስት ጥያቄዎች ያስቀምጣል። ገንዘቡ የሚደርሰው ከቅድሚያ ክፍያው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሻጩ ዋጋ ጨምሮ እንዳይወስደው የሚከለክል ነገር አለ? ከሕጉ በፊት የገዛ ሰውና በማግስቱ የገዛ ሰው እንዴት ይታያሉ? የ1975ቱ ሕግ ሁለተኛውን መልሷል፤ የ2008ቱና የ2009ኙ ሦስተኛውን አልመለሱም፤ የመጀመሪያውን በበቂ ሁኔታ የመለሰ እስካሁን የለም። ለአዲስ መጪና ከወር ደመወዙ ቆጥቦ ቅድሚያ ክፍያ ለሚያጠራቅም ቤተሰብ ግን ከሁሉ የሚቀድመው እርሱ ነው።